ከ07 ቀጥሎ 12

በአዲስ አበባ ያደገና ዛሬ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው «ክልል 14» የሚለውን መጠሪያ አይዘነጋም። በ1984 ዓ.ም. የወጣው የሽግግር መንግሥቱ አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን ለ14 ክልል ሲከፍል ለዋና ከተማዋ የደረሳት የመጨረሻው ቁጥር ነበር። መጠሪያው ከሰው አፍ ከጠፋ ቆይቷል፤ ቁጥሩ ግን ከመዝገብ አልወጣም። የ1999ኙን የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ከነኮዱ የሚያገላብጥ ሰው ትግራይን 01፣ አፋርን 02፣ አማራን 03፣ ኦሮሚያን 04፣ ሶማሌን 05፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን 06፣ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልልን 07 ሆነው ያገኛቸዋል። ከዚያ 08ን ቢፈልግ የለም። 09ም የለም። በቀጥታ 12 ብሎ ጋምቤላ ይመጣል፤ ሐረሪ 13፣ አዲስ አበባ 14፣ ድሬዳዋ ደግሞ 15 ሆነው ይከተላሉ።

በመሐል የጎደሉት አራት ቁጥሮች በአንድ ወቅት ባለቤት ነበራቸው። አዋጁ ከ7 እስከ 11 የዘረዘራቸው አምስት ክልሎች ብዙ ሳይቆዩ ተዋሕደው «ደቡብ» ሆኑ፤ 7 ሁሉንም ወክሎ ቀረ፤ የሌሎቹ ቁጥር ባዶውን ተተወ። ኮዱን ያዘጋጁት ባለሙያዎች ክፍተቱን ለመድፈን ጋምቤላን 08 ብለው አልሰየሙም። ትክክል ነበሩ። አንድ ቁጥር ለሁለት ቦታ ከተሰጠ የድሮው መዝገብ ከአዲሱ ጋር ሲገናኝ ይዋሻልና።

አሁን ታሪኩ ተገልብጧል። ያ 07 የነበረው ክልል አራት ልጆች ወልዶ ራሱ ከስሟል፦ ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015። በመጨረሻው ቆጠራ 15 ሚሊዮን ገደማ ሰው በአንድ መስመር ሥር የተጻፈበት ቦታ ዛሬ አራት መስመር ይፈልጋል። ለየትኛው ምን ቁጥር ይሰጥ የሚለው ጥያቄ የጸሐፊ ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከ1999 ወዲህ ስንጠብቀው የኖርነው ቆጠራ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው በዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ከመቆጠሩ በፊት መሬቱ ይከፈላል፤ የተከፈለው መሬት ስምና ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያ ሥራ ከተሳሳተ የትኛውም ትጉህ ቆጣሪ አያርመውም።

ተዋረዱ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ቀላል ነው፦ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። እስከዚህ ያለው የአስተዳደር እርከን ነው፤ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ እንደተሰጠው የሚቀበለው እንጂ የሚፈጥረው አይደለም። ከቀበሌ በታች ያለው እርከን ግን የቆጠራው የራሱ ነው። የቆጠራ ቦታ ይባላል፤ አንድ ቆጣሪ በተሰጠው ቀን ውስጥ ቤት ለቤት ዞሮ የሚጨርሰው የመሬት ክፋይ ነው። በ1999ኙ ቆጠራ አንድ የቆጠራ ቦታ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ እንዲይዝ ታስቦ ተከለለ፤ ጥቂት የቆጠራ ቦታዎች ተሰብስበው በአንድ ተቆጣጣሪ ሥር ሆኑ። ካርታ የሚሠራው ባለሙያ የሚጠብቃቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ክፋዩ ከቀበሌ ወሰን አይሻገርም። ወሰኑም ቆጣሪው ቆሞ በዓይኑ የሚያየው ነገር ይሆናል፦ ወንዝ፣ መንገድ፣ ሸንተረር፣ ገደል። ይህ የሚደረገው ቤት እንዳይዘለል፣ ቤት እንዳይደገም ነው። ሁለት ቆጣሪዎች በአንድ ጅረት ማዶና ማዶ ሆነው ሲሠሩ በመካከላቸው ያለችው ጎጆ የማን እንደሆነች የሚነግራቸው ያ መስመር ብቻ ነው።

የዚህ ሁሉ መሠረት የሆነው ቀበሌ ራሱ ብዙ ዕድሜ የለውም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቢያንስ በ800 ሄክታር ስፋት፣ በድሮው አነጋገር በ20 ጋሻ፣ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አዘዘ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ደግሞ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበር ፈጠረ። ከዚያ በፊት ከወረዳ በታች ያለው አገር በአጥቢያና በጭቃ ሹም የሚታወቅ እንጂ በካርታ የተሰመረ አልነበረም። ስለዚህ ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. የመጀመሪያው አገር አቀፍ ቆጠራ ሲካሄድ ቆጣሪ የሚልኩበት ትንሹ አድራሻ ዕድሜው ዘጠኝ ዓመት ገደማ ነበር። አብዮቱ ቀበሌን የፈጠረው ለመቁጠር አልነበረም፤ ቆጠራው ግን ያለ እሱ አይታሰብም ነበር። ጦርነት በነበረባቸው አካባቢዎች ቆጣሪ መድረስ ስላልቻለ ከፊሉ በግምት ተሞላ። ያኔ የላይኛው እርከን ክፍለ ሀገርና አውራጃ ነበር።

ሁለተኛው ቆጠራ ጥቅምት 1 ቀን 1987 ሲጀመር ክፍለ ሀገሩም አውራጃውም ከመዋቅሩ ወጥተዋል። በመካከሉ ደግሞ በኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ (ኢሕዲሪ) ዘመን የወጣውና 24 የአስተዳደርና 5 ራስ ገዝ አካባቢዎችን የፈጠረው አከላለል መጥቶ ሄዷል። ቆጠራው የተካሄደው ሕገ መንግሥቱ ሊጸድቅ ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው ነው፤ ሰዉ የተቆጠረባቸው ክልሎች በሕገ መንግሥት የተጻፉት ከተቆጠረባቸው በኋላ መሆኑ ነው። ሦስተኛው ቆጠራ በግንቦት 20 ቀን 1999 ተካሄደ፤ አፋርና ሶማሌ በኅዳር 2000 ተቆጠሩ። በድምሩ 73.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዘገበ። በ1976 አንዲት አውራጃ ውስጥ ስንት ሰው ይኖር እንደነበር ያነበበ ተመራማሪ በ1987 ያቺ አውራጃ ስንት ደረሰች ብሎ ቢጠይቅ መልሱን በቀጥታ የሚሰጠው ሰንጠረዥ አያገኝም። አውራጃዋ የለችም፤ ወረዳዎቿ ለሁለት ለሦስት ዞን ተከፋፍለዋል። የሚቀረው አንድ መንገድ ወደ ታች ወርዶ ቀበሌ በቀበሌ እየለቀሙ እንደገና መገንባት ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ይጠነክራል። ከላይ ያለው መዋቅር ቢፈርስም ከታች ያለው ጡብ ሳይሰበር ከቆየ ቤቱን በሌላ መልክ መሥራት ይቻላል። ሲዳማን እንመልከት። በ1999 የሲዳማ ዞን 2.95 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበረው። ይሁንና የዛሬው የሲዳማ ክልል ከዚያ ዞን ጋር አንድ አይደለም፤ ሀዋሳ ያኔ በደቡብ ክልል ሥር ራሷን ችላ በዞን ደረጃ ተመዝግባ ነበር። ሁለቱን መደመር ቀላል ነው። ቤንች ማጂ ሲሆን ይከብዳል፤ ያኔ አንድ ዞን የነበረው ዛሬ ቤንች ሸኮና ምዕራብ ኦሞ ሆኗል፤ የትኛው ወረዳ፣ ከወረዳውም የትኛው ቀበሌ ወዴት እንደሄደ ሳይታወቅ የ1999ኙን ቁጥር ለሁለቱ ማካፈል አይቻልም።

የሰገን አካባቢ ሕዝቦች ዞን ነገር ደግሞ ከሁሉ ይገርማል። በ1999ኙ ቆጠራ ኮንሶ፣ ደራሼ፣ አማሮና ቡርጂ ልዩ ወረዳዎች ነበሩ። ልዩ ወረዳ ማለት ዞን የሌለው፣ በቀጥታ ለክልል የሚጠራ ወረዳ ነው፤ ያኔ ደቡብ ክልል ስምንት ነበሩት። ከዚያ በ2003 አራቱ ተሰባስበው የሰገን ዞን ተባሉ። በ2011 ገደማ ዞኑ ፈረሰ፤ ኮንሶ ለብቻው ዞን ሆነ። አንድ ዞን ተወልዶ፣ ጽሕፈት ቤት ከፍቶ፣ በጀት ይዞ፣ ተቃውሞና ግጭት አስተናግዶ ሲሞት አንድም ቆጠራ አላገኘውም። በእነዚያ ዓመታት በሰገን ስም የወጣ ማንኛውም የሕዝብ ቁጥር ከአራቱ ወረዳዎች የ1999 ቁጥር ተደምሮና በትንበያ አድጎ የመጣ እንጂ ሰገን ብሎ የቆጠረ ሰው ኖሮ አይደለም።

ልዩ ወረዳ ለኮድ አዘጋጅም ፈተና ነው። ሁሉም ቦታ አራት እርከን እንዲኖረው የሚጠብቅ ቁጥር አንድ እርከን የሚዘል ቦታ ሲያገኝ ለዚያ ወረዳ ብቻውን የዞን ኮድ ይሰጠዋል። ሐረሪና ድሬዳዋ ዞን የላቸውም። አዲስ አበባ ደግሞ ቃሉን ራሱን አናግታዋለች። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ከተማዋ 28 ወረዳ ነበራት፤ ወረዳ ከቀበሌ በላይ ነበር። ከዚያ 10 ክፍለ ከተማ መጣና ወረዳ ጠፋ፤ በ1999 ከተማዋ የተቆጠረችው በ99 ቀበሌ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀበሌ ጠፍቶ «ወረዳ» ተመለሰ፤ 116 ሆኖ፣ ግን ከድሮው ወረዳ ያነሰ ሆኖ። በኋላም ለሚ ኩራ 11ኛው ክፍለ ከተማ ሆነ። ዛሬ በጎንደር ገጠር «ወረዳ» ሲባል በርካታ ቀበሌዎችን ያቀፈ ሰፊ አገር ነው፤ በቦሌ «ወረዳ» ሲባል በእግር የሚዳረስ ሰፈር ነው። ሁለቱን በአንድ ሰንጠረዥ አንድ ዓምድ ውስጥ አስገብቶ የሚያወዳድር ሪፖርት ሳይ ያናድደኛል፤ ስሙ እንጂ እርከኑ አንድ አይደለም።

በዚህ ሁሉ ላይ ተዋረዱን የሚያቋርጥ ሌላ መስመር አለ፦ ከተማና ገጠር። በስታቲስቲክስ ትርጉም የክልል፣ የዞንና የወረዳ ዋና ከተሞች ሰው ቢበዛም ቢያንስም ከተማ ናቸው፤ ሌሎች ደግሞ በነዋሪው ብዛትና ከእርሻ ውጭ በሚተዳደረው ሰው ይመዘናሉ። በ1999 የከተማ ነዋሪ ከመቶ 16 ገደማ ነበር። ከዚህ ትርጉም የሚመጣውን አስቡት። አንድ ወረዳ ለሁለት ሲከፈል አዲሱ ወረዳ ዋና ከተማ ይፈልጋል፤ ትናንት የገበያ መንደር የነበረው ዛሬ ከተማ ይሆናል፤ ሰዉ ግን ያው ሰው ነው። በ2015 ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ለገጣፎ ለገዳዲንና ሌሎችን ያቀፈው ሸገር ከተማ ሲቋቋም በከተማ ክልል ውስጥ ሆኖ የሚያርስ ገበሬ ተገኘ። በሚቀጥለው ቆጠራ የከተማው ሕዝብ ድርሻ ሲጨምር ምን ያህሉ ሰው ወደ ከተማ ፈልሶ፣ ምን ያህሉ ደግሞ ከተማው ወደ እሱ መጥቶ እንደሆነ መለየት የሚቻለው የቆጠራ ቦታው ለብቻው ከተጠበቀ ነው።

ወረዳ ለምን ይበዛል? ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በጀት እስከ ወረዳ ስለሚወርድ ነው ብል አላጋነንኩም። ወረዳ መሆን ጽሕፈት ቤት፣ የሥራ መደብ፣ ጤና ጣቢያና መንገድ ለመጠየቅ የሚያስችል ስም ነው። የሕዝብ ፍላጎት ሐሰት ነው አልልም፤ ወደ ዞን ከተማ ሁለት ቀን የሚጓዝ ገበሬ አስተዳደር እንዲቀርበው መፈለጉ እውነት ነው። የሚጎዳን መከፈሉ ሳይሆን ሲከፈል የሚጻፍ መዝገብ አለመኖሩ ነው። የእኛ ሰው ጋብቻ ሲመጣ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ይቆጥራል፤ ይህ ቀበሌ ከየትኛው ቀበሌ እንደተወለደ፣ ያኛው ከማን ጋር እንደተዋሐደ ግን አንድ ትውልድ እንኳ ቆጥሮ የሚያሳይ፣ ለሁሉም ክፍት የሆነ የቦታ ሐረግ የለንም።

ሌሎች አገሮች ይህን ጣጣ በተለያየ መንገድ ፈተውታል። ሕንድ ከቆጠራ በፊት ክፍለ ግዛቶች የአስተዳደር ወሰናቸውን እንዳይነኩ ቀን ቆርጣ ታግዳለች። እንግሊዝ ከአስተዳደር ወሰን ተላቃ የራሷን ትናንሽ የስታቲስቲክስ ክፋዮች ሠርታለች፤ አንዱ ክፋይ ቢያንስ 40 ቤተሰብና 100 ሰው እንዲይዝ የተደረገው የአንድ ግለሰብ ምስጢር ከሰንጠረዥ እንዳይለቀም ነው። አሜሪካ ሁለቱን አደባልቃለች። ክፍለ ግዛትና ካውንቲ የሕግ ናቸው፤ ከዚያ በታች ያሉት 4,000 ያህል ሰው እንዲይዙ የሚታሰቡት ክፋዮችና ከእነሱም በታች ያሉት ብሎኮች የቆጠራ ቢሮው ናቸው። ለእኛ ሰው ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። በሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት፣ ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የላትም፤ በሕግ ከተማ አይደለችም። የምትተዳደረው በሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው። ሆኖም ነዋሪው ሁሉ በስሟ ስለሚጠራት የቆጠራ ቢሮው ወሰን አስምሮላት «ለቆጠራ የተሰየመ ቦታ» አደረጋት፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተቆጠረባት። ስታቲስቲክስ ሰው የሚኖርበትን ቦታ ለማወቅ የግድ አዋጅ እንደማይጠብቅ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

በእኛ አገር ይህ ቀላል አይሆንም፤ የቦታ ኮድ የባለቤትነት ምስክር ተደርጎ ይወሰዳልና። በጥቅምት 1997 በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች መካከል በሚያወዛግቡ ከ420 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ሲካሄድ ድምፁ የተሰጠውም የተቆጠረውም ቀበሌ በቀበሌ ነበር። የክልል ወሰን የተሠራው ከታች፣ በትንሹ ጡብ ነው ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 48 ክልሎች ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝቡን አሰፋፈርና ፍላጎት መሠረት አድርጎ እንዲወስን ያዛል። ያንን አሰፋፈር የሚያሳየው ቆጠራ ነው፤ ቆጠራውን ለማካሄድ ደግሞ የቆጠራ ቦታው በየትኛው ክልል ሥር እንደሚጻፍ አስቀድሞ መወሰን አለበት። በወልቃይትና በራያ ይህ አዙሪት ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን።

መውጫ የለውም አልልም። የቆጠራ ቦታ ቁጥር ከክልል ቁጥር ሊላቀቅ ይችላል። እስካሁን ባለው አሠራር የአንድ ቦታ ኮድ ከክልሉ ይጀምርና ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ እያለ ይወርዳል፤ ስለዚህ ላይኛው ሲቀየር የታችኛው ስም ሁሉ ይቀየራል። ለእያንዳንዱ የቆጠራ ቦታ ራሱን የቻለ፣ የማይለወጥ ቁጥር ቢሰጠው፣ በየትኛው ክልልና ዞን ሥር ነው የሚለው ደግሞ ከነቀኑ በጎን ቢመዘገብ፣ ወሰን የሚያወዛግብበት አካባቢም ሰው ሊቆጠር ይችላል። ቆጠራው የወሰን ፍርድ አይሰጥም፤ ፍርዱ ሲሰጥ ቁጥሩ ተከትሎ ይሄዳል።

ጡቦቹ ደግሞ አሉን። ለአራተኛው ቆጠራ የተሠራው ካርታ 149,093 የቆጠራ ቦታዎችን ለይቷል፤ አንዱ በአማካይ 131 ቤተሰብ ይይዛል። የ1999ኙ 84,915 ነበሩ፤ በአማካይ 181 ቤተሰብ። ሁለቱን በየአማካያቸው ብናበዛ ከ15.4 ሚሊዮን ቤተሰብ ወደ 19.5 ሚሊዮን ማደጋችንን ካርታው ብቻውን ይነግረናል። ሰው ሳይጠየቅ፣ ቅጽ ሳይሞላ። በ2011 የተካሄደው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 305 የቆጠራ ቦታዎችን የመረጠው ከዚሁ ዝርዝር ነው፤ ዘጠኙን ክልሎችና ሁለቱን ከተሞች በከተማና ገጠር ከፍሎ፣ ገጠር የሌላትን አዲስ አበባ ሳይከፍል፣ 21 ምድብ አድርጎ። ዛሬ ያንን ጥናት የሚደግም ሰው ምድቦቹን እንደገና መሥራት አለበት።

ቆጠራው ግን አልተካሄደም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል፤ በዚህ ስሌት ጊዜው 2009 ነበር። ወደ 2010 ተገፋ፤ ከዚያ ወደ 2011፤ በሰኔ 2011 ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተቀምጠው በአንድ ዓመት አራዘሙት፤ በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ መጣ፤ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት። የምርጫ ክልል ወሰን በቆጠራ ውጤት ይስተካከላል የሚለው የዚያው አንቀጽ ድንጋጌም አብሮ ቆሟል፤ 547ቱ የምርጫ ክልሎች እንዳሉ ናቸው። የክልሎች የበጀት ድጎማ ቀመርም የሚሠራው ከ1999 ተነሥቶ በተተነበየ የሕዝብ ቁጥር ነው።

የአራተኛው ቆጠራ ካርታ ሲሠራ ሲዳማ ዞን ነበር። በዳውሮ ገደል ተከትሎ የተሰመረው መስመር ዛሬም ገደሉ ላይ ነው፤ ኮዱ የሚጀምርበት 07 ግን በአገሪቱ የሌለ ክልል ይጠራል። ከዚያ መስመር ወዲህና ወዲያ በቆጠራው ማግስት፣ በግንቦት 21 ቀን 1999 የተወለዱ ልጆች በግንቦት 2017 አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷቸዋል። መምረጥ ይችላሉ። እነሱን ለመቁጠር ግን እስካሁን በራቸውን ያንኳኳ የለም።